የአሮጌ ጊታር ዋጋና የነጋዴው ሚዛን

ነጋዴ በሚዛኑ ይታወቃል። እህል የሚሸጠው በኪሎው፣ ጨርቅ የሚሸጠው በሜትሩ፣ ዘይት የሚሸጠው በሊትሩ ይመረመራል። ነገር ግን በሚዛንና በሜትር የማይለኩ ዕቃዎች ወደ ገበያ በወጡ ጊዜ የሻጩም የገዢውም መጠጊያ የገማቹ ዕውቀትና የገማቹ ሕሊና ብቻ ይሆናል። ከእነዚህም ዕቃዎች አንዱ፣ በዘመናችን በውጭ አገር እጅግ የተፈለገውና በአገራችን ግን ዋጋው ገና በልክ ያልታወቀው፣ ሆሎው ቦዲ የሚባለው ሆደ ባዶ አሮጌ የኤሌክትሪክ ጊታር ነው።

ይህ ጉዳይ የሙዚቀኞች እንጂ የነጋዴዎች አይደለም የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። ሆኖም ጉዳዩ በቀጥታ የንግድ ጉዳይ መሆኑን ለመረዳት የኦሎምፒያን አካባቢ ማየት ይበቃል። ኦሎምፒያ ከመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ በሚወስደው በአፍሪካ ጎዳና ላይ የሚገኝ የንግድ ሠፈር ሲሆን፣ የአዲስ አበባ ዘመናዊ ሙዚቃ ካደገባቸው ሆቴሎች ብዙዎቹ ከዚያ ሩቅ አይደሉም። ዳህላክ ባንድ በጊዮን ሆቴል፣ አይቤክስ ባንድ በራስ ሆቴል፣ ዋልያስ ባንድም እ.ኤ.አ. በ1969 በተከፈተው በሂልተን ሆቴል ይጫወቱ እንደ ነበር የታወቀ ነው። ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ የሰዓት እላፊ ገደብ የምሽቱን ሙዚቃ ለብዙ ዓመታት አቀዘቀዘው። ዋልያስ ባንድም እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ አሜሪካ በተጓዘ ጊዜ ከአባሎቹ አንዳንዶቹ በዚያው ቀሩ። በእንዲህ ያለ ዘመን የሙዚቃ መሣሪያዎችም ከእጅ ወደ እጅ፣ ከመድረክ ወደ ቁም ሣጥንና ወደ ቆጥ ማለፋቸው የማይቀር ነበር።

አሁን ደግሞ ያ የተቀመጠው ዕቃ የሚወጣበት ዘመን ደርሷል። የዚያን ጊዜ ወጣቶች ዛሬ አዛውንት ሆነዋል፤ አንዳንዶቹም በሞት ተለይተዋል። በ2017 ዓ.ም. በካዛንቺስ በተካሄደው የከተማ ልማት ብዙ ቤተ ሰቦች ከኖሩበት ሠፈር ተነሥተው ወደ ሌላ ሥፍራ ሄደዋል። ቤት ሲነሣ ለብዙ ዘመን ያልተነካ ዕቃ ይነካል፤ የተነካውም ዕቃ ብዙ ጊዜ ይሸጣል። አባቱ የተወለትን ጊታር ይዞ ወደ አንድ ባለሱቅ የሚመጣ ልጅ ዕቃው ምን እንደ ሆነ ላያውቅ ይችላል። ባለሱቁ ግን ሊያውቅ ይችላል። ክርክሩ የሚጀምረውም ከዚህ ነው።

አገራችን እንዲህ ያለውን ትምህርት ቀድሞ ከሸክላ ዲስኮች አግኝታለች። አምሐ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 የመሠረተው አምሐ ሬከርድስ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላዎችን አሳተመ። በዚያን ጊዜ እነዚህ ሸክላዎች ተራ የገበያ ዕቃ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1997 በፈረንሳይ አገር «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ ኅትመት በፍራንሲስ ፋልሴቶ አዘጋጅነት መውጣት ከጀመረ ወዲህ፣ ይልቁንም እ.ኤ.አ. በ2005 የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ በአሜሪካዊው በጂም ጃርሙሽ ፊልም ከተሰማ በኋላ፣ የውጭ አገር ሰብሳቢዎች ዋናዎቹን ሸክላዎች አጥብቀው ይፈልጓቸው ጀመር። ዋጋውን አስቀድሞ ያወቀ ገዢ ተጠቀመ፤ ሳያውቅ የሸጠ ባለቤት ግን ቆይቶ ቢሰማም የሸጠውን መመለስ አልቻለም። በጊታሩም እንዲሁ እንዳይሆን ከወዲሁ ማሰብ የተገባ ነው።

እንግዲህ ስለ ዋጋ ከመናገር በፊት ዕቃውን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። የኤሌክትሪክ ጊታር በጠቅላላው በሦስት ይከፈላል። አንደኛው ሆዱ ፈጽሞ ባዶ የሆነው ነው፤ የጊብሰን ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1936 ያወጣው ኢ.ኤስ. 150 እና እ.ኤ.አ. በ1949 ያወጣው ኢ.ኤስ. 175 ከዚህ ወገን ናቸው። ሁለተኛው ከፊሉ ባዶ ሆኖ በመካከሉ ከአንገቱ እስከ ግርጌው ድፍን እንጨት የተጋደመበት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1958 የወጣው ኢ.ኤስ. 335 የዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። ሦስተኛው ሆድ የሌለው ድፍን እንጨት ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ከውጭ ሲያዩአቸው ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም በፊታቸው ላይ የኤፍ ፊደል ቅርጽ ያላቸው ቀዳዳዎች አሏቸው። ስለዚህ ገማቹ በቀዳዳው ውስጥ በመብራት ተመልክቶ በመካከል ድፍን እንጨት መኖሩን ወይም አለመኖሩን ያረጋግጥ።

ከሥሪቱ ቀጥሎ ሠሪው ይታያል። ከአሜሪካ ጊብሰን፣ ግሬች፣ ኤፒፎንና ጊልድ ይጠቀሳሉ። ከጀርመን ሆፍነርና ፍራሙስ፣ ከኢጣልያ ኤኮ፣ ከስዊድን ሃግስትሮም፣ ከጃፓን ቴይስኮና ያማሃ ይገኛሉ። በእነዚህ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት እጅግ ሰፊ ነው፤ አንዱ በጥቂት መቶ ዶላር ሲሸጥ ሌላው በብዙ ሺህ ዶላር ይሸጣል። ስለዚህ «አሮጌ ነውና ውድ ነው» ማለት ስሕተት ነው። እርጅና ብቻውን ዋጋ አይሰጥም፤ ዋጋ የሚሰጠው ፈላጊ ያለው መሆኑ፣ በጥቂቱ መሠራቱና እንደ ተሠራ መቆየቱ ነው።

የተሠራበትን ዘመን ማወቅም ቀላል ሥራ አይደለም። ብዙ ሰው የተራ ቁጥሩን አይቶ ይፈርዳል። ነገር ግን ጊብሰን በ1960ዎቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አንዱን ቁጥር በተለያዩ ዓመታት ደጋግሞ ስለ ተጠቀመበት፣ ቁጥሩ ብቻውን ምስክር ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ሌሎች ምስክሮች ይጠሩ። የድምፅ መቆጣጠሪያው በሆዱ ውስጥ በጀርባው ላይ የተመታ ቁጥር አለው፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስት አኃዞች ሠሪውን፣ የሚቀጥሉት ዓመቱንና ሳምንቱን ያሳያሉ። ለምሳሌ 1376512 የሚል ቢገኝ 137 ሲ.ቲ.ኤስ. የተባለውን ፋብሪካ፣ 65 ዓመቱን፣ 12 ሳምንቱን ያመለክታል። መቆጣጠሪያው በኋላ ያልተለወጠ ከሆነ፣ ጊታሩ ከዚያ ሳምንት በፊት ሊሠራ እንደማይችል ይታወቃል። እንዲሁም ጊብሰን እ.ኤ.አ. በ1965 የአንገቱን ስፋት ከ43 ሚሊሜትር ወደ 40 ሚሊሜትር ገደማ ስላጠበበው፣ ተራ ማስመሪያ የያዘ ሰው እንኳ በዚህ ለውጥ ፊትና ኋላ የተሠሩትን ሊለይ ይችላል። ብዙ ተጫዋቾች ሰፊውን አንገት ስለሚመርጡ ዋጋውም በዚያው ይለያያል።

ከሁሉ ይልቅ ዋጋን የሚያነሣው ወይም የሚጥለው ግን ዕቃው እንደ ተሠራ መቆየቱ ነው። በገማቹ ፊት የሚቀርቡት ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው።

1ኛ፤ ቀለሙ የፋብሪካው ነውን ወይስ በኋላ ተቀብቷል? እንደገና የተቀባ ጊታር፣ ቅቡ ምንም ያህል ያማረ ቢሆን፣ በውጭ አገር ገበያ ከዋጋው ግማሽ ያህሉን እንደሚያጣ የነጋዴዎች ልማድ ነው። ባለቤቱ ለማሳመር ብሎ ያወጣው ገንዘብ ዋጋውን የሚቀንስበት ዕቃ ቢኖር ይህ አንዱ ነው።

2ኛ፤ የአንገቱ ራስ ተሰብሮ ተጠግኗልን? ጥገናው ጠንካራ ሊሆን ይችላል፤ ድምፁም ላይለወጥ ይችላል። ቢሆንም ሰብሳቢ ገዢ ብዙ ይቀንስበታል፤ ተጫዋች ገዢ ግን ደስ ብሎት በቅናሽ ይገዛዋል።

3ኛ፤ ድምፅ ተቀባዩ ማለት ፒክአፑ የመጀመሪያው ነውን? ጊብሰን እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ የተጠቀመበትና በግርጌው «ፓተንት ተጠይቆበታል» የሚል ትንሽ ወረቀት የተለጠፈበት ሃምበከር ለብቻው ተነቅሎ በብዙ ሺህ ዶላር ይሸጣል። ስለዚህ ጥገና ቤት ገብቶ የወጣ ጊታር ፒክአፑ ተለውጦ እንደ ሆነ መመርመር ያስፈልጋል።

4ኛ፤ መቃኛዎቹ፣ ድልድዩ፣ የክር መያዣውና ሣጥኑ አብረውት ያሉ ናቸውን? የፋብሪካው ሣጥን ከዕቃው ጋር መገኘቱ በራሱ ዋጋ ይጨምራል።

5ኛ፤ እንጨቱና ጌጡ ከአየሩ ጋር እንዴት ሆነዋል? አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች፣ በክረምት እርጥብ በበጋ ደረቅ የሆነች ከተማ ናት። ፊቱ ከተጠረበ ድፍን እንጨት የተሠራ ጊታር በበጋው ድርቀት ሊሰነጠቅ ይችላል፤ በስሱ ተደራርቦ ከተለጠፈ እንጨት የተሠራው፣ እንደ ኢ.ኤስ. 175 ያለው፣ የበለጠ ይችላል። በግሬች ጊታሮች ጠርዝ ላይ የሚገኘው የሴሉሎይድ ጌጥ በዕድሜ ብዛት እየተፈረፈረ እንደሚበሰብስ የታወቀ ነው፤ የሚበሰብሰው ሴሉሎይድ የሚያወጣው ትነትም በአጠገቡ ያለውን ብረት ያዝገዋል።

ይህ ሁሉ ከታወቀ በኋላ ከውጭ አገር ዋጋ ጋር ማነጻጸር ይመጣል። በዚህም ላይ ሁለት የተለመዱ ስሕተቶች አሉ። የመጀመሪያው የተጠየቀን ዋጋ እንደ ተከፈለ ዋጋ መቁጠር ነው። በኢንተርኔት ገበያ ላይ አንድ ሰው ለጊታሩ ያሻውን ሊጠይቅ ይችላል፤ ያንን የሚከፍል መገኘቱ ግን ሌላ ነገር ነው። ዕቃው ዓመት ሙሉ ሳይሸጥ ተሰቅሎ ከቆየ፣ የተጻፈው ቁጥር የሚመሰክረው ስለ ሻጩ ምኞት እንጂ ስለ ገበያው አይደለም። ሁለተኛው ስሕተት የዋጋ መጽሐፍን ያለ ማስተዋል ማንበብ ነው። በአሜሪካ አገር በየዓመቱ የሚታተመው የአሮጌ ጊታሮች የዋጋ መጽሐፍ ዝቅተኛና ከፍተኛ ዋጋ ይሰጣል፤ ሆኖም ያ ዋጋ የተጻፈው ምንም ላልተለወጠበትና በጥሩ ሁናቴ ላይ ላለ ዕቃ ነው። የተቀባውንና የተጠገነውን ጊታር ይዞ ከዚያ መጽሐፍ ከፍተኛውን ዋጋ መጥቀስ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እንደ ማለት ነው።

ስሌቱ እንዴት እንደሚሠራ በምሳሌ ቢታይ ይሻላል። ቁጥሮቹ ለማስረዳት ብቻ የተወሰዱ ናቸው። አንድ ጊታር፣ ምንም ያልተለወጠበት አምሳያው በውጭ አገር በእርግጥ የተሸጠው በ4,000 ዶላር ነው እንበል። ይህኛው ግን መቃኛዎቹና መቆጣጠሪያዎቹ የተለወጡ ስለ ሆኑ 15 በመቶ ይቀነሳል፤ 3,400 ይቀራል። የአንገቱ ራስ ተሰብሮ ስለ ተጠገነ ከዚህ ላይ 35 በመቶ ይቀነሳል፤ 2,210 ይቀራል። በውጭ አገር ለሚሸጠው ደላላ 10 በመቶ ማለት 221 ዶላር፣ ለማጓጓዣና ለመድን 300 ዶላር ሲቀነስ 1,689 ይሆናል። ነጋዴው ገንዘቡን አስሮ ስለሚቆይና ዕቃው ሊሰበርበት ወይም ላይሸጥለት ስለሚችል 20 በመቶ ለትርፉና ለድፍረቱ ቢወስድ 1,350 ዶላር ገደማ ይቀራል። ለሻጩ የሚገባው ዋጋ በዚህ ዙሪያ፣ ለምሳሌ ከ1,200 እስከ 1,500 ዶላር ባለው መካከል ነው።

ከዚህ ምሳሌ ሁለት ትምህርት ይገኛል። አንደኛ፣ 4,000 ዶላር የሚጠይቅ ሻጭ ተሳስቷል፤ 200 ዶላር የሚሰጥ ገዢም ተሳስቷል፤ ወይም የከፋው፣ እያወቀ አሳስቷል። ሁለተኛ፣ ትክክለኛ ዋጋ አንዲት ነጥብ ሳይሆን ከዚህ እስከዚያ የሚባል መጠን ነው። አንዲት ቁጥር ብቻ አውጥቶ «ዋጋው ይኸው ነው» የሚል ገማች ከሚያውቀው በላይ እየተናገረ መሆኑን ነጋዴው ይጠርጥር።

ስለ ብሩም አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ባደረገ ጊዜ፣ አስቀድሞ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከላይ የተጠቀሰው 1,350 ዶላር በ57 ሲመነዘር 76,950 ብር ነው፤ በ100 ሲመነዘር ግን 135,000 ብር ነው። እንግዲህ በሰኔ የተጻፈ የዋጋ ግምት በነሐሴ ሻጩን ሊጎዳ ይችል ነበር ማለት ነው። ስለዚህ ማናቸውም የግምት ወረቀት ቀኑንና የዚያን ቀን የባንክ ምንዛሪ መያዝ ይገባዋል።

ከዕቃው ሌላ ስምም ዋጋ ይሰጣል። ከርት ኮቤይን የተባለው አሜሪካዊ ዘፋኝ የተጫወተበት ማርቲን ዲ 18 ኢ ጊታር እ.ኤ.አ. በ2020 በጨረታ ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጧል፤ ይህም የሆነው ስለ እንጨቱ ሳይሆን ስለ ተጫዋቹ ነው። እንዲሁም የቢትልሱ ፖል ማካርትኒ እ.ኤ.አ. በ1972 የተሰረቀበት ሆደ ባዶ የሆፍነር ባስ ጊታር ከ50 ዓመት በላይ ቆይቶ ወደ ባለቤቱ መመለሱ እ.ኤ.አ. በ2024 ሲገለጽ፣ ዕቃው ያ ራሱ መሆኑ በምርመራ ተረጋግጧል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ስም ያለ ማስረጃ ዋጋ የለውም ማለት ነው። «ይህ ጊታር በሂልተን ከዋልያስ ጋር ተጫውቷል» የሚል ቃል ብቻውን ወሬ ነው። ጊታሩ በመድረክ ላይ የሚታይበት ፎቶግራፍ፣ የግዢ ደረሰኝ፣ ወይም በሕይወት ያለ የባንዱ አባል ፈርሞ የሰጠው ምስክርነት ሲጨመርበት ግን ወሬው ንብረት ይሆናል። ስለዚህ ቤተ ሰቦች ጊታሩን ለመሸጥ ሲያስቡ በመጀመሪያ የፎቶግራፍ አልበማቸውን ይፈልጉ። ነጋዴውም ይህን ቢነግራቸው ራሱ ይጠቀማል እንጂ አይጎዳም።

አስመጪውና ላኪው ሊያስቡበት የሚገባ የሕግ ጉዳይም አለ። በዓለም የጉምሩክ አመዳደብ የኤሌክትሪክ ጊታር የሚገባው በአንቀጽ 92.07 ነው። «አሮጌ ነውና ቅርስ ነው» ብሎ በአንቀጽ 97.06 ለማስገባት የሚሞክር አስመጪ ይሳሳታል፤ ያ አንቀጽ የተወሰነው ዕድሜያቸው ከ100 ዓመት በላይ ለሆኑ ዕቃዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 የተሠራው የመጀመሪያው ኢ.ኤስ. 150 እንኳ እስከ 2036 ድረስ ከዚህ ዕድሜ አይደርስም። የጉምሩክ ዋጋ የሚመሠረተው በእርግጥ በተከፈለው ዋጋ ላይ ስለ ሆነም፣ አሮጌ ዕቃ የሚያስመጣ ሰው ሒሳቡን በባንክ ከፍሎ እውነተኛውን ደረሰኝና የዕቃውን ሁናቴ የሚገልጽ ጽሑፍ ቢይዝ ከክርክር ይድናል።

ወደ ውጭ ለሚልክ ደግሞ የእንጨቱ ነገር አለ። የቀድሞዎቹ የአሜሪካ ጊታሮች የጣት ሰሌዳ ብዙ ጊዜ ከብራዚል ሮዝውድ የተሠራ ነበር። ይህ ዛፍ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ሳይተስ በተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት አንደኛ ዝርዝር ውስጥ ስለ ገባ፣ ያለ ፈቃድ ከአገር ወደ አገር ማሻገር የተከለከለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ለተጠናቀቁ የሙዚቃ መሣሪያዎች የተሰጠው ቅለት ለሌሎቹ የሮዝውድ ዓይነቶች እንጂ ለብራዚሉ አልነበረም። ይህን ሳያውቅ የላከ ነጋዴ ዕቃው በሌላ አገር ጉምሩክ ሊወረስበት ይችላል። ከዚህም በቀር በአገር ታሪክ ውስጥ ስፍራ ያለው መሣሪያ እንደ ቅርስ ሊቆጠር ስለሚችል፣ ስለ ቅርስ ጥበቃ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ታይቶ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ይጠየቅ። ፈቃድ ሊያገኝ የማይችል ዕቃ በውጭ አገር ዋጋ ሊገመት አይገባም፤ ዋጋው በአገር ውስጥ ያለ ተጫዋች ሊከፍል የሚችለው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ይመጣል። ጊታሩን ይዞ የመጣው ሰው ባለሱቁን «ይህ ስንት ያወጣል?» ብሎ ቢጠይቀው፣ ባለሱቁ ምን ሊመልስ ይገባዋል? አንዳንድ ነጋዴዎች እንዲህ ይላሉ፦ «የነጋዴ ዕውቀት የነጋዴ ካፒታል ነው። ያን ዕውቀት በብዙ ዓመት ድካምና በብዙ ኪሳራ ገዝቶታል። ለመጣው ሁሉ በነጻ ሊያድለው አይገደድም። ሻጭ ዕቃውን ሊያውቅ ይገባው ነበር።» ይህ ቃል ፈጽሞ ከእውነት የራቀ አይደለም። ነጋዴ ያለ ትርፍ ሱቁን ሊከፍት አይችልም፤ ሕጉም ቢሆን አንድ ውል ለአንዱ ወገን እጅግ ስለሚጠቅም ብቻ አይፈርስም ይላል።

ነገር ግን ያው ሕግ በዚህ አያቆምም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1710፣ የተጎጂው ፈቃድ የተገኘው ችግሩን፣ የዋህነቱን፣ እርጅናውን ወይም በግልጽ የሚታየውን የንግድ ልምድ ማጣቱን መጠቀሚያ በማድረግ እንደ ሆነ፣ ርትዕ በሚያስገድድበት ጊዜ ውሉ ሊፈርስ እንደሚችል ያመለክታል። አባቱን ቀብሮ ቤቱን እየለቀቀ ያለ፣ የመሣሪያውን ስም እንኳ የማያነብ ልጅ ከእነዚህ ከአንዱ ሳይደርስ አይቀርም። እንግዲህ በሃያ እጥፍ አትርፎ የገዛ ነጋዴ ሕሊናው ባይከሰው እንኳ ዳኛ ሊጠይቀው ይችላል።

ልዩነቱ የሚገኘው በጥያቄው ላይ ነው። ሻጩ «በዚህ ዋጋ እሸጣለሁ» ብሎ ቢመጣ ነጋዴው ገዢ ነው፤ ገዢም ለራሱ ያስባል። ሻጩ «ስንት ያወጣል?» ብሎ ከጠየቀና ነጋዴው መልስ ከሰጠ ግን ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ነጋዴው ገማች ሆኗል። ገማችም እንደ ዳኛ ነው፤ ዳኛ ደግሞ በራሱ ጉዳይ አይፈርድም። ስለዚህ በዚህ ንግድ አንድ ደንብ ቢጸና ብዙ ክርክር ይቀራል፦ ገማችና ገዢ አንድ ሰው አይሁን። ለመግዛት የፈለገ አይገምት፤ የገመተ አይግዛ። ወይም ሁለቱንም ሊሆን ግድ ከሆነበት ስሌቱን ከላይ በምሳሌው እንደ ታየው ከአንድ እስከ መጨረሻ በወረቀት ጽፎ ለሻጩ ያሳየው፤ ትርፉንም አይደብቅ። ትርፉን የሚያሳይ ነጋዴ የሚፈራው ነገር የለም።

ይህ እንዲሆን ብዙ ወጪ አያስፈልግም። በ1939 ዓ.ም. የተቋቋመው የአዲስ አበባ ንግድ ምክር ቤት አንድ አጭር የግምት ቅጽ ቢያዘጋጅ ይበቃል። በቅጹ ላይ የሠሪው ስም፣ ሥሪቱ፣ የተራ ቁጥሩ፣ የመቆጣጠሪያው ቁጥር፣ የአንገቱ ስፋት፣ የተለወጡት ክፍሎች፣ የተጠገነው ስፍራ፣ የእንጨቱ ዓይነት፣ ቀኑና የቀኑ ምንዛሪ ይሞላሉ። በግርጌው ሦስት ሰዎች ይፈርማሉ፤ አንድ የቆየ ሙዚቀኛ፣ አንድ የመሣሪያ ጠጋኝና አንድ ዕቃውን የማይገዛ ነጋዴ። ለድካማቸውም አስቀድሞ የተወሰነ ቁርጥ ክፍያ ይከፈላቸው፤ ክፍያቸው ግን በግምቱ ከፍታ ወይም ዝቅታ የሚለዋወጥ አይሁን፤ በመቶኛ የሚከፈል ገማች ሚዛኑ ያዘነብላልና። ክርክር ቢነሣ ምክር ቤቱ የግልግል ተቋም ስላለው ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሳይደርስ ሊያልቅ ይችላል።

«እንዲህ ያለውን የሚያውቅ ሰው ከወዴት ይገኛል?» የሚል ቢኖር «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» ይባላል። በዚህች ከተማ በእነዚሁ መሣሪያዎች በየሆቴሉ የተጫወቱ፣ ክሩን የለወጡ፣ የተቃጠለውን ሽቦ የጠገኑ ሰዎች ዛሬም አሉ። የዋጋ መጽሐፍ ባያነቡም የእንጨቱን ድምፅና የእጅ ሥራውን ልዩነት ያውቃሉ። ነጋዴው የገበያውን ዕውቀት፣ እነርሱ የዕቃውን ዕውቀት ቢያዋጡ የውጭ አገር ገማች መጥራት አያስፈልግም። ግን ሰው ሟች ነውና፣ ይህ ዕውቀት ከባለቤቶቹ ጋር ሳይቀበር በፊት ወደ ወረቀት ይግባ።

ምናልባትም አንዳንዱ ባለሱቅ «በዚህ ሥርዓት ትርፌ ያንሳል» ብሎ ያዝን ይሆናል። በአንዱ ጊታር ላይ በእርግጥ ያንስ ይሆናል። ዳሩ ግን የአሮጌ ዕቃ ንግድ እንደ ስኳርና እንደ ጨው ከፋብሪካ በጆንያ የሚመጣ አይደለም፤ የሚመጣው ሰዎች አምነው ከቤታቸው ሲያወጡት ነው። አንድ ቤተ ሰብ በአንድ ሱቅ እንደ ተታለለ ከሰማ ጎረቤቱ ዕቃውን መልሶ ይቆልፍበታል፤ ወይም በሻንጣ ለሚያልፍ እንግዳ ይሰጠዋል። በዚህ ጊዜ ባለሱቁ ዕቃውን፣ አገር ታሪኩን፣ ቤተ ሰቡም ገንዘቡን ያጣል። በተቃራኒው፣ ትክክለኛ ዋጋ የሚከፈልበት ሱቅ ስሙ ሲሰማ ሌላውም ያለውን ይዞ ይመጣል። ሃያ ጊታሮች በመጠነኛ ትርፍ መሸጣቸው አንድ ጊታር በማታለል ከመሸጡ ይበልጣል።

በኦሎምፒያና በካዛንቺስ፣ በፒያሳና በመርካቶ ሱቅ ከፍተው የሚሠሩ ሁሉ ይህን ቢያስቡበት ይጠቅማል። ቅጹ እስኪዘጋጅ ድረስ እንኳ ማንም ነጋዴ ነገ ጧት ሊጀምረው የሚችል ነገር አለ፤ አሮጌ ጊታር ይዞ ለሚመጣ ሰው ዋጋ ከመጥራት በፊት «ለመሸጥ ነው ወይስ ለማስገመት?» ብሎ መጠየቅ ነው። ለመሸጥ ከሆነ ይደራደር። ለማስገመት ከሆነ ግን እውነቱን ይንገረው፤ ወይም ወደሚያውቅና ወደማይገዛ ሰው ይምራው።